መሄድ፣ መፈተን፣ መመለስ

ሰው ታሪክ መናገር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ መንገድና ተረት ሳይለያዩ ኖረዋል። ከደጁ ያልወጣ ሰው የሚተርከው ጥቂት ነው። ወጥቶ የቀረ ሰው ደግሞ ብዙ ነገር ቢያይም ያየውን ለወገኖቹ ሊያደርስ አይችልም። ተረት የሚወለደው ወጥቶ፣ አይቶ፣ ተፈትኖ የተመለሰ ሰው በእሳት ዙሪያ ለተቀመጡት ወገኖቹ አፉን ሲከፍት ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ በዚህ ወግ የምንመለከተው ይህንኑ የቆየ የታሪክ አወቃቀር ነው። ምሳሌያችንን የምንወስደው ከአንድ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ነው። የምንመዝነው ግን ከአዋሽ እስከ ሰመራ በተዘረጋው አገር ሚዛን ነው። ስለ ፊልም መነጋገር ከሰዋስውና ከድርሰት ትምህርት ምን ያገናኘዋል የሚል ቢኖር፣ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንዲያነብ እለምነዋለሁ። ታሪክን በሚገባ መመርመር የማይችል ሰው፣ ሌሎች በሚነግሩት ታሪክ በቀላሉ ይነዳልና።

ጆሴፍ ካምቤል የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1949 «ባለ ሺህ ፊቱ ጀግና» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ የብዙ ሕዝቦችን ተረቶች፣ አፈ ታሪኮችና ሃይማኖታዊ ትረካዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ መረመረ። ከምርመራውም በኋላ የደረሰበት መደምደሚያ በአጭሩ የሚከተለው ነው፤ የጀግኖቹ ስም፣ አለባበስና አገር ቢለያይም የሚሄዱበት መንገድ ግን ይመሳሰላል። ካምቤል ይህን መንገድ በ17 ደረጃዎች ከፋፍሎ ያቀረበው ሲሆን፣ ሁሉም በሦስት ዐበይት ክፍሎች ይጠቃለላሉ።

የመጀመሪያው ክፍል መሄድ ነው። ባለ ታሪኩ በለመደው አገርና ኑሮ ላይ ሳለ አንድ ጥሪ ይደርሰዋል። መልእክተኛ ይመጣበታል፣ ወይም ረኀብ ይገባል፣ ወይም የሚወደው ሰው ይጠፋበታል። መጀመሪያ ላይ ይፈራል፤ አልሄድም ይላል። ኋላ ግን ምክር የሚሰጠው ሽማግሌ ወይም አንድ ረዳት ያገኝና የቤቱን ደፍ ተሻግሮ ወደማያውቀው ዓለም ይገባል።

ሁለተኛው ክፍል መፈተን ነው። በማያውቀው ዓለም ወዳጅም ጠላትም ይገጥመዋል። ከፈተናዎቹም ሁሉ የሚከፋው፣ ከሞት ጋር ፊት ለፊት የሚያፋጥጠው አንድ ፈተና አለ። ይህን ካለፈ አንድ በረከት ያገኛል፤ በረከቱ መድኃኒት፣ ዕውቀት ወይም ሀብት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ክፍል መመለስ ነው። ባለ ታሪኩ ያገኘውን በረከት ይዞ ወደ ወገኖቹ ይመለሳል። እርሱ ተለውጧል፤ በእርሱም መመለስ አገሩ ይለወጣል። ካምቤል አጥብቆ ያስገነዘበው አንድ ነገር ቢኖር፣ ጀግና ጀግና የሚባለው ለራሱ ስላገኘ ሳይሆን ለወገኖቹ ስላመጣ መሆኑን ነው።

ይህ አወቃቀር በፊልም ዓለም በሰፊው የታወቀው ጆርጅ ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1977 ለዕይታ ባበቃው «ስታር ዋርስ» በተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ነው። ሉካስ ከካምቤል መጽሐፍ እንደ ተማረ ራሱ መስክሯል። የፊልሙ ባለ ታሪክ፣ ሉክ ስካይዎከር፣ በበረሃማ ፕላኔት ላይ በእርሻ ሥራ የሚኖር ወጣት ነው። ጥሪ ይመጣለታል፤ የእርሻው ሥራ አይለቀኝም ብሎ ያመነታል። ከዚያም አንድ ሽማግሌ መሪ ያገኛል፤ ወደ ጠፈርም ይወጣል። የዚያች በረሃማ ፕላኔት ስም የተወሰደው በደቡብ ቱኒዚያ ከምትገኝ ታታዊን ከምትባል ከተማ ሲሆን፣ የፊልሙም ከፊል በዚያው አገር ተቀርጿል። ይህን በልባችሁ ያዙ፤ ፊልም ሠሪዎች «ሌላ ዓለም» ለማሳየት ሲፈልጉ የአንዱን ሕዝብ መኖሪያ አገር እንደሚመርጡ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እንግዲህ ይህ አወቃቀር የባዕድ ብቻ ነውን? አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 በሮም ያሳተሙትና የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው «ጦቢያ» የተሠራው በመሄድና በመፈለግ ላይ ነው። ዋህድ ለቤተ ሰቡ ውለታ የዋለውን ነጋዴ ፍለጋ ይወጣል፤ በመንገድ ተይዞ ባሪያ ይሆናል። ጦቢያም የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። በሌላ በኩል ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» አወቃቀሩን በከፊል ይዞ መጨረሻውን ይነፍገናል። በዛብህ ከትውልድ ቀዬው ይወጣል፣ ይማራል፣ ይወዳል፣ ይፈተናል፤ ነገር ግን በመንገድ ይወድቃል፤ አይመለስም። አንባቢው መጽሐፉን አጥፎ ለረጅም ጊዜ የሚያዝነው ስለዚህ ይመስለኛል። መመለስን ስንጠብቅ ኖረን እናጣዋለን።

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌያችን እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ2015 «ክረምስ» የሚባል ፊልም ለዕይታ በቃ። ስሙ በአማርኛ «ፍርፋሪ» ማለት ነው። ያዘጋጀው ሚጌል ያንሶ የተባለ ስፔናዊ ነው። ተዋናዮቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ቋንቋውም አማርኛ ነው። ብዙ ሰዎች የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ይሉታል። ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ከተቀረጸባቸው ስፍራዎች አንዱ በአፋር ምድር የሚገኘው ዳሎል ነው። ከባሕር ወለል በታች የሚገኘውን ያን ቢጫና አረንጓዴ የጨውና የድኝ ሜዳ ያየ ተመልካች፣ ሌላ ፕላኔት የተመለከተ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ታሪኩ የሚፈጸመው ዛሬ የምናውቀው ሥልጣኔ ከፈረሰ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ከሰው ልጅ የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። ባለ ታሪኩ ጋጋኖ ይባላል፤ ዳንኤል ታደሰ የተባለው ተዋናይ ተጫውቶታል። ጋጋኖ የፈረሰውን ዘመን ፍርፋሪ እየለቀመ ይኖራል። የፍቅር ጓደኛው ሳያት ትባላለች፤ ሰላም ተስፋዬ ተጫውታዋለች። በሰማይ ላይ ለረጅም ዘመን ሳይንቀሳቀስ ተንጠልጥሎ የኖረ አንድ ግዙፍ መንኮራኩር አለ። አንድ ቀን ይህ መንኮራኩር የመነቃቃት ምልክት ያሳያል። ያ ለጋጋኖ ጥሪ ነው። ጋጋኖ ግን ፈሪ ነው። ሌትና ቀን በስጋት የሚኖር፣ ሰውነቱም ጎበጥ ያለ ሰው ነው። ይሁንና ይሄዳል። በመንገዱም ላይ ጠንቋይ፣ የገና አባትና ሌሎችም እንግዳ ፍጥረቶች ይገጥሙታል። በመጨረሻም ነገሩ ሁሉ እርሱ እንዳሰበው እንዳልነበረ ይገነዘባል።

ይህን ታሪክ ከካምቤል አወቃቀር ጋር ብታስተያዩት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች በቀላሉ ታገኟቸዋላችሁ። ጥሪው የመንኮራኩሩ መንቀሳቀስ ነው። ማመንታቱ የጋጋኖ ፍርሃት ነው። ፈተናዎቹ በመንገድ የገጠሙት ፍጥረቶች ናቸው። ልዩነቱ የሚጀምረው በረከቱ ላይ ሲደረስ ነው። በጥንቱ ተረት ጀግናው ከሩቅ አገር ወርቅ ያመጣል። በዚህ ፊልም ግን ውድ ዕቃ ተብሎ የሚታየው እኛ ዛሬ የምንጥለው የፕላስቲክ መጫወቻና ያረጀ የሙዚቃ ሸክላ ነው፤ የአንድ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሥዕልም እንደ አምላክ ይለመናል። ፊልሙ ይህን በማሳየት የሚጠይቀን ጥያቄ አለ፤ ሩቅ ሄደን የምንፈልገው ነገር በእርግጥ የምንደክምለትን ያህል ዋጋ አለውን? ከሩቅ የሚያበራው ነገር ሁሉ እንዳሰብነው ነውን? ባለ ታሪኩ ጋጋኖ ከጉዞው የሚያገኘው በረከት ዕቃ አይደለም፤ የተሳሳተ እምነትን መጣል ነው። ይህም ቢሆን በረከት ነው፤ ምናልባትም ከወርቁ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ቀደም ሲል በልባችሁ ያዙ ወዳልኋችሁ ነጥብ እንመለስ። ለፊልም ሠሪው ዳሎል የዓለም መጨረሻ ነው። ከዚያ ጨው ቆርጦ በግመል ጭኖ ለሚወጣው ሰው ግን ዳሎል የሥራ ቦታ ነው። አንዱ «የማይታወቅ ዓለም» የሚለውን ሌላው «አገሬ» ይለዋል። ደፉ የት እንዳለ የሚወስነው ተራኪው የቆመበት ስፍራ ነው።

ይህን የሚያስረዳ አንድ እውነተኛ ታሪክ ከአዋሽ ከተማ አለ። የአዲስ አበባና የጅቡቲ የቀድሞው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ አዋሽ ከታወቁት ጣቢያዎቹ አንዷ ሆና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 መጨረሻ ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት ከዚህች ጣቢያ ተነሣ። ዓላማው የአዋሽ ወንዝ የት እንደሚያልቅ ለማየት ነበር። ይህ ወንዝ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በጊንጪ አጠገብ ካለው ደጋ ይነሣል፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ባሕር ግን አይደርስም። ወጣቱ ከነተከታዮቹ ወንዙን ይዞ ወረደ። በአውሳም ሱልጣኑን መሐመድ ያዮን አግኝቶ የይለፍ ፈቃድ ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ1934 ወንዙ የሚያርፍበትን አቤ ሐይቅን አይቶ እስከ ታጁራ ዘለቀ። ኋላም ስለ ጉዞው በመጻፍ ታዋቂ ሆነ። ጥሪ አለ፣ ደፍ አለ፣ ፈተና አለ፣ መመለስም አለ፤ ከካምቤል አወቃቀር አንድ ነገር አይጎድለውም።

ነገር ግን ተማሪዎች፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ወንዙ የት እንደሚያልቅ ያላወቀው ማን ነበር? የአፋር ከብት አርቢ ከአባቶቹ ጀምሮ በአቤ ሐይቅ ዳር ግመሉን ሲያጠጣ ኖሯል። ለእርሱ አዲስ የነበረው የወንዙ መጨረሻ አልነበረም፤ ይህን ለማየት ሲል ከሩቅ አገር የመጣው ሰው ነበር። ያንኑ ጉዞ ከአንድ የአውሳ ልጅ ዐይን ብትጽፉት ጀግናው ሌላ፣ ጥሪው ሌላ፣ ፈተናውም ሌላ ይሆናል። በድርሰት ትምህርት «የትረካ አንጻር» የምንለው ይህን ነው። በአዋሽም ሆነ በሰመራ የምትማሩ ልጆች «የእኛ አገር በረሃ ብቻ ነው፤ ምን ታሪክ አለው?» ብላችሁ የምታስቡ ከሆነ፣ አገራችሁን የምታዩት በሰው ዐይን ነው ማለት ነው።

አገሩ ታሪክ እንዳለው የሰው ልጅ ሁሉ የሚመሰክረው ሐቅ አለ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በታችኛው የአዋሽ ሸለቆ ሐዳር በተባለው ስፍራ የድንቅነሽ ቅሪተ አካል ተገኘ። ዕድሜው 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ከሐዳር ብዙም በማይርቀው በዲኪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ኢትዮጵያዊው የሳይንስ ሊቅ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመራው ቡድን ሰላም የተባለችውን የሕፃን ቅሪተ አካል አገኘ። ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ2007 ለዐውደ ርእይ ወደ አሜሪካ ተወስዳ በ2013 ወደ አገሯ ተመልሳለች። ስሟ ግን ከዚያ አልፎ ሄዷል። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ወደ ጁፒተር አካባቢ ያመጠቀው መንኮራኩር ሉሲ የሚባለው በእርሷ የፈረንጅ ስም ነው። መንኮራኩሩ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2023 በአንዲት አነስተኛ አስትሮይድ አጠገብ አለፈ፤ የአስትሮይዷም ስም ድንቅነሽ ነው። በዙሪያዋ የምትዞር ትንሽ ጨረቃም ተገኘችና ሰላም ተባለች።

እንዲህ ያለውን ነገር አንድ የልብ ወለድ ደራሲ ቢጽፈው «አጋነነ» እንለው ነበር። የአዋሽ ሸለቆ ስሞች ዛሬ በማርስና በጁፒተር መካከል ይዞራሉ። ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ መንኮራኩር ከተነሣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2022ና በ2024 ሁለት ጊዜ በምድራችን አጠገብ አልፏል፤ ይህንም ያደረገው ከምድር የስበት ኃይል ተጨማሪ ፍጥነት ለማግኘት ነው። ያየውንም ሁሉ በምስል ይልካል። ዳግመኛ መሬት ላይ የማያርፍ መንገደኛ ቢሆንም ወሬውን አያቋርጥም።

ወደ ምድር እንውረድ። ከአዋሽ ከተማ ወጣ ብሎ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ይሄዳል። ሌላው ወደ ሰሜን ታጥፎ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሎጊያና ወደ ሰመራ፣ ከዚያም በጋላፊ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ያመራል። ሰመራ በዚህ መንገድ ዳር በዕቅድ የተቆረቆረች፣ በአሳይታ ፋንታ የአፋር ክልል ርእሰ ከተማ የሆነች አዲስ ከተማ ናት። የጭነት መኪናዎች ሌትና ቀን ያልፉባታል። ከጭነት መኪናዎቹ ሌላ፣ ትንሽ ጨርቅና የውኃ ኮዳ ይዘው በእግር የሚያልፉ ወጣቶችም አሉ። ብዙዎቹ የሚመጡት ከደጋው አገር ነው። መድረሻቸው በጅቡቲ የሚገኘው የኦቦክ ጠረፍ፣ ከዚያም የመን፣ ከዚያም ሳዑዲ ዓረቢያ ነው። አንዳንዶቹ ከእናንተ ዕድሜ አይበልጡም።

እነዚህን ወጣቶች ከቤት ያስወጣቸው ምንድን ነው? ችግር ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ችግር ብቻውን መንገድ አያሳይም። መንገድ የሚያሳየው ታሪክ ነው። ሕገ ወጡ ደላላ ወደ ወጣቱ ሲቀርብ የሚነግረው ታሪክ አለ። «እዚህ ቁጭ ብለህ ምን ታገኛለህ?» ይለዋል፤ ይህ ጥሪው ነው። «ፈሪ ካልሆንክ ትወጣለህ» ይለዋል፤ ይህ ማመንታቱን ማሸነፊያው ነው። «መንገዱን የሚያውቅ ሰው አለኝ» ይለዋል፤ ይህ ረዳቱ ነው። «ጥቂት ቀን ትቸገራለህ፤ ከዚያ በኋላ ለእናትህ ቤት ትሠራለህ» ይለዋል፤ ይህ ፈተናውና በረከቱ ነው። ተመልከቱ፤ ደላላው ካምቤልን ሳያነብ የካምቤልን አወቃቀር አሳምሮ ያውቃል። ወጣቱም ለደላላው ገንዘብ የሚከፍለው የታሪኩ ጀግና ለመሆን ነው። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» የተባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነበር።

በአዋሽ ሳስተምር ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች «የማልረሳው ጉዞ» በሚል ርእስ ድርሰት እንዲጽፉ አዝዤ ነበር። አንድ ተማሪ የጻፈው ስለ ራሱ ጉዞ አልነበረም፤ ስለ ታላቅ ወንድሙ ነበር። ወንድሙ የለበሰውን ሹራብ ቀለም፣ እናታቸው የቋጠረችለትን ቆሎ፣ የወጣበትን የሌሊት ሰዓት፣ ውሻው እስከ ሐዲዱ ድረስ መከተሉን ሁሉ ጽፏል። ይህ ሁሉ ሁለት ገጽ ሞላ። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ «እስከ ዛሬ ድረስ ስለ እርሱ ዳጉ የነገረን ሰው የለም» ይላል። በደብተሩ ላይ እርማት የሚያሻው አንዳንድ የፊደል ግድፈት ነበረበት። ስለ ታሪኩ አወቃቀር ግን የምለው አልነበረኝም። ድርሰቱ መጨረሻ ያጣው ልጁ መጻፍ ስላላወቀ አልነበረም።

ለማታውቁት ዳጉን ላስረዳ። ዳጉ የአፋር ሕዝብ ወሬ የሚለዋወጥበት የቆየ ሥርዓት ነው። ሁለት መንገደኞች በበረሃ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቆመው፣ ብዙ ጊዜም ቁጭ ብለው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ከዚያም አንዱ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ ሌላው ያደምጣል። ዝናብ የት እንደ ጣለ፣ ግጦሽ የት እንዳለ፣ ማን እንደ ታመመ፣ ማን እንደ ሞተ፣ የት ሰላም እንዳለና የት እንደ ጠፋ፣ ምን እንግዳ ሰው እንዳለፈ ይነገራል። በዐይን ያዩት ከሰው ከሰሙት ይለያል። ውሸት መጨመር ነውር ነው፤ ዋሽቶ የተገኘ ሰው አመኔታ ያጣል። አድማጩም በተራው ለሚያገኘው ሰው ያደርሳል። በዚህ ዐይነት በእግር የሚሄድ ወሬ ሰፊውን በረሃ ያቋርጣል።

እንግዲህ ዳጉን ከጀግናው ጉዞ ጋር ስናስተያየው ዳጉ ሦስተኛው ክፍል፣ ማለትም መመለስ ሆኖ እናገኘዋለን። በዳጉ ሥርዓት መንገደኛ ሁሉ ያየውን ለወገኑ የማድረስ ግዴታ አለበት። ጀግንነቱ በሄደበት ርቀት አይለካም፤ ባመጣው ወሬ እውነተኛነት ይለካል። ደላላው ከሚነግረው ታሪክ የተቆረጠውም ይኸው ክፍል ነው። ስለ መሄድ አብዝቶ ይናገራል፤ ስለ ፈተናው አሳንሶ ይናገራል፤ ከተመለሱት መካከል የሚጠቅሰው ደልቶት የተመለሰውን አንዱን ብቻ ነው። በመንገድ የቀሩትን አይቆጥርም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በጅቡቲ ጠረፍ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች በሁለት ሳምንት ልዩነት ሰጥመው ብዙ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል። ጀልባዎቹ ወደ የመን የሚሄዱ አልነበሩም፤ ከየመን ወደ ጅቡቲ የሚመለሱ ነበሩ። እነዚያ ሰዎች ሄደው፣ ተፈትነው፣ ጀርባቸውን ለባሕሩ ማዶ ሰጥተው በመመለስ ላይ ነበሩ። ስለ እነርሱ ደላላው የሚነግረው ታሪክ የለውም።

ይህን ስል ከቤታችሁ አትውጡ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። አዋሽ ራሷ የመንገደኛ ከተማ ናት፤ ሰመራም እንዲሁ። ለትምህርት፣ ለሥራ፣ ለንግድ፣ ዓለምን ለማየት መሄድ መልካም ነው። ወንዙም ቢሆን ከደጋው ካልወረደ በበረሃው መካከል ጥጥና ሸንኮራ አገዳ ባልበቀለ ነበር። የምላችሁ ግን ይህ ነው፤ ማንም ሰው የጉዞ ታሪክ ሲነግራችሁ ሦስተኛውን ክፍል ጠይቁት። ስንት ሄዱ? ስንት ተመለሱ? የተመለሱት ምን አሉ? ይህን የምትነግረኝ በዐይንህ አይተህ ነው ወይስ ከሰው ሰምተህ? የአፋር እረኛ ሁሉ የሚጠይቀውን ጥያቄ የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ሊጠይቀው አይሳነውም።

በሰዋስው ትምህርታችሁ ስለ ቦዝ አንቀጽና ስለ ማሠሪያ አንቀጽ ተምራችኋል። «ወጥቶ»፣ «ተጉዞ»፣ «ተፈትኖ» የሚሉት ቦዝ አንቀጾች ናቸው። ዐሥሩን ብትደረድሯቸው ዓረፍተ ነገር አይሆኑም። አድማጩ «እሺ፣ ከዚያስ?» እያለ ይጠብቃል። ዓረፍተ ነገሩ የሚቆመው «ተመለሰ» ወይም «ቀረ» የሚል ማሠሪያ ሲያገኝ ብቻ ነው። የደላላው ታሪክ በቦዝ አንቀጽ የተሞላ፣ ማሠሪያው ግን ለሰሚው ተስፋ የተተወ ታሪክ ነው። የዚያ ተማሪ ቤተ ሰብም እስካሁን ማሠሪያውን እየጠበቀ ነው። ሐሳባቸውን በተሟላ ዓረፍተ ነገር መግለጽ የሚማሩ ልጆች፣ የሰውን ነገር ማሠሪያው ሳይነገራቸው ላለመቀበል ይህን ትምህርት ቢጠቀሙበት ደስ ይለኛል።

በመጨረሻም ስለ ድርሰት ሥራችሁ አንድ ምክር ልስጥ። ካምቤል የሰጠን አወቃቀር መሣሪያ ነው፤ ሕግ አይደለም። ሁሉን ታሪክ በአንድ ልክ የሚሰፋ ሰፊ ለማንም የሚስማማ ልብስ አይሰፋም። በዛብህ አልተመለሰም፤ ታሪኩ ግን ኖሯል። ጋጋኖ ያገኘው የጠበቀውን አልነበረም፤ ሆኖም ጉዞው ከንቱ አልሆነም። አዋሽ ባሕር አልደረሰም፤ ነገር ግን የሚጠጡት ከነገዱ፣ ከነከብታቸው በዳሩ ይኖራሉ። ድርሰት ስትጽፉ ጥሪው፣ ፈተናውና መመለሱ ምን እንደ ሆነ በቅድሚያ ለራሳችሁ መልሱ። ከመካከላቸው አንዱ ከጎደለ፣ የጎደለው በእናንተ ቸልተኝነት ነው ወይስ ሕይወት ራሷ ስላጎደለችው ነው ብላችሁ ጠይቁ። በቸልተኝነት የጎደለውን ሙሉ። ሕይወት ያጎደለችውን ግን በፈጠራ አትድፈኑት፤ እንደዚያ ተማሪ በአንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ተናገሩት።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. የጀግናው ጉዞ ሦስት ዐበይት ክፍሎች ምን ምን ናቸው? እያንዳንዳቸውን በሁለት ዓረፍተ ነገር አብራሩ።
2. ጋጋኖ ከጉዞው ያገኘው በረከት በጥንት ተረቶች ከሚገኘው በረከት በምን ይለያል?
3. ጸሐፊው ዳጉን «ሦስተኛው ክፍል» ያሉት ለምንድን ነው? በሐሳቡ ትስማማላችሁን? ምክንያታችሁን ግለጹ።

ለ. ከምንባቡ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ቦዝ አንቀጾች የሚገኙባቸውን አምስት ዓረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ የእያንዳንዱን ማሠሪያ አንቀጽ አስምሩበት።

ሐ. ከቤተ ሰባችሁ ወይም ከጎረቤቶቻችሁ መካከል ርቆ ሄዶ የተመለሰ ሰው ጠይቃችሁ፣ የነገራችሁን በሁለት ገጽ ጻፉ። በዐይኑ ያየውን ከሌላ ከሰማው ለይታችሁ አመልክቱ።